የመህሉሊ ወንበር

ሦስት የባቡር ካርድ ነው የገዛሁት፤ አንድ ለአጎቴ ለማቬላ፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለታናሽ ወንድሜ ለመህሉሊ፣ ከሞተ ሁለት ዓመት ላለፈው፤ ካርድ የምትሸጠው ልጅ በመስታወቱ ውስጥ አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ ያለውን ሰው ቆጥራ «ሦስተኛው የታል?» ስትለኝ «አብሮን ነው» አልኳት፣ አብሮን ነው፣ ምላሴ ሳይደናቀፍ፣ ከውሸት ጋር ቤተኛ ከሆንኩ ሁለት ዓመቴ አይደል። አጎቴ ቀና ብሎም አላየኝ። እሱ ዛሬ ሰው አያናግርም። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን የቁርቁራ ቅርንጫፍ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፏል፣ እሾሁ ጨርቁን በስቶ የካፖርቱን ክር እየሳበው፤ ቅርንጫፍ የያዘ ሰው ከሟቹ በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ የእኛ ወግ ነው፣ ሰው ከቤቱ ርቆ ከሞተ የሞተበት ቦታ ድረስ ተሂዶ፣ በስሙ ተጠርቶ፣ ቅርንጫፉ ላይ እንዲያርፍ ተለምኖ፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተነገረው ነው ወደ ቤቱ የሚወሰደው፤ እዚህ ጋ ታጠፍን፣ አሁን ወንዝ ተሻገርን፣ አሁን መኪና ልንሳፈር ነው እየተባለ፤ ወንበር ይያዝለታል፣ ትኬት ይቆረጥለታል። መንገዱ ካልተነገረው መሃል ላይ ይቀራል። ከሞተበት ቦታ ካልተጠራ ደግሞ መጀመሪያውኑ አይመጣም፤ ይህንን አጎቴ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አገራችን ቾሎቾ ውስጥ ፍየል የሚጠብቅ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የጥበቃ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር አጎቴን ወደ ትልቁ ሆስፒታል በር ወሰድኩት፤ ሁለት ሌሊት በሥራ አድሬ ሁለቱንም ቀን ጣራ ጣራውን ሳይ ነው የዋልኩት፣ ይሄ ጠዋት እንደሚመጣ ስለማውቅ። አጎቴ ጫማውን አወለቀ። በዚህ በሰኔ ብርድ፣ በጆሃንስበርግ ሲሚንቶ ላይ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው በባዶ እግሩ ተንበርክኮ ሱረት ቆንጥሮ መሬት ላይ በተነ፤ ነርሶቹ እየዞሩ ያዩታል፣ አምቡላንስ ጡሩምባ ይነፋበታል፣ እሱ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «መህሉሊ፣ የኒያቲ ዘር፣ የወንድሜ ልጅ፣ እኔ ማቬላ ነኝ። ቆየንብህ፤ ይቅር በለን። ና ልጄ፣ እዚህ ላይ እረፍ፣ እናትህ ጋ እንሂድ» አለ። ከዚያ ዝም ብሎ አዳመጠ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ነፋስ ጨርቁን ሲያርገበግበው ፊቱ በራ፣ መጣ ማለቱ ነው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቅርንጫፉን ጠቅልሎ አቀፈው፤ እኔ ጫማዬን እያየሁ ቆሜያለሁ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መህሉሊ የዚያን ሆስፒታል ደጃፍ ረግጦት አያውቅም። አንድ ቀንም።

ሆስፒታል ሞተ ያልኩት እኔ ነኝ። በስልክ ነው ያልኩት። እናቴ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታችን ጀርባ ያለው ኩይሳ ላይ ወጥታ፣ ስልኩን የሱቁ ባለቤት ይዞላት፣ «ልጄ ምን ሆነብኝ?» ስትል ሳንባው ነው አልኳት፣ ብርድ መትቶት ነው፣ ሐኪሞቹ ብዙ ደከሙ፣ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ እጁን ይዤ። ማን ጠየቀኝ እጁን ይዤ ብዬ እንድጨምር? እሷም ወዲያው «ምን አለ? ሲሄድ ምን አለ?» ትላለች፤ እናት ናት፣ ትጠይቃለች፤ እኔም ሳልዘጋጅበት «እማዬን ሰላም በሉልኝ አለ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ያቺ ቃል አገር አዳረሰች። እናቴ ለጎረቤት ነገረች፣ ጎረቤት ለቄሱ ነገረ፣ ቄሱ ለስብከት አዋለው፤ በየወሩ ስደውል «እስቲ ድገምልኝ፣ እንዴት አድርጎ ነው ያለው?» ትለኛለች፣ እደግምላታለሁ፣ አንዳንዴም አሳምርላታለሁ። በኋላ ሕልም ጀመራት። መህሉሊ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ይታያታል፤ ግባ ስትለው አይገባም፣ ብርድ ነው ይላታል፣ ደጋግማ ታየዋለች። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ልጁ አልተጠራም አሉ። እንግሊዝ አገር ያለው የአክስታችን ልጅ የአውሮፕላን ትኬት ገዛ፣ ሙት ልጅ ድንበር ላይ ስድስት ሰዓት ተሰልፎ አይውልም ብሎ፤ አጎቴም ሳቀ አሉ፣ «በሕይወቱ የሊምፖፖን ወንዝ በእግሩ ነው ያቋረጠው፣ ዛሬ እንኳ ከአዞ በላይ ይሂድ» ብሎ። በአውሮፕላኑ ላይ ሁለተኛ ወንበር መግዛት ግን የአክስታችንን ልጅ አቅም አልፎታል። እዚያ እጭኔ ላይ ይቀመጣል ብሎ ነው አጎቴ የመጣው።

በባቡር እንሂድ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይሄ ባቡር መች የታሰበ ነው፤ ከተከፈተ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ፣ ለዓለም ዋንጫ ኳስ እንግዶች የደረሰ፣ የከተማው ሰው ደግሞ የሚሄድበት ሳይኖረው ለሽርሽር የሚሳፈርበት፤ እኔ ታክሲ ውስጥ ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ የምሄድ ሰው ነኝ። ግን የአየር ማረፊያው ታክሲ በአሌክሳንድራ አጠገብ ያልፋል። ባቡሩ ከመሬት በታች ነው ሲሉኝ ልቤ አረፈ። ከመሬት በታች ሲባል እስከ አየር ማረፊያው ድረስ መስሎኛል፣ አልጠየቅሁም፣ ፈሪ ሰው ደስ ያለውን ነገር ደግሞ አይጠይቅም፤ እዚያ ሰፈር አጠገብ ሳላልፍ፣ ዓይኔ ሳያይ፣ አጎቴን አሳፍሬ ልሸኝ ነው ያሰብኩት።

መዝጊያው ጋ ስንደርስ ካርዱ እንዴት እንደሚነካ አላወቅኩበትም፤ ያሹታል፣ ይከቱታል፣ ያስጠጉታል፣ ማን ያውቃል፤ ከኋላችን ሰው ተደረደረ፣ ቢጫ ማሊያ የለበሱ፣ ቩቩዜላ ያንጠለጠሉ። አንዲት ወፍራም ጥበቃ መጥታ ከእጄ ወሰደችና «እንዲህ፣ ወንድሜ፣ ሳም አድርገው እንጂ አትቧጥጠው» አለችኝ፣ ሰው ሳቀ። አጎቴን አሳለፈችው። እኔ የመህሉሊን ካርድ አስነካሁ፣ በሩ ተከፈተ፣ ማንም አላለፈም፣ ተዘጋ። «ምን ያደርጋል ይሄ ሰው? ገንዘብህን በላው እኮ!» አለች ጥበቃዋ። አጎቴ ግን በወዲያ በኩል ቆሞ ወደ ቅርንጫፉ ጎንበስ ብሎ «ግባ ልጄ፣ በሩ ቶሎ ይዘጋል፣ አትፍራ» ሲል ሴትየዋ ሰማችው። ጨርቁን አየች። እሾሁን አየች። ፊቷ ተለወጠ፤ የዙሉ ልጅ ናት፣ ወጉ የእነሱም ነው፤ ባርኔጣዋን አወለቀች። በጆሮዬም «ማን ነው?» አለችኝ። «ወንድሜ» አልኩ። «አይዞህ። መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካም ክልክል ነው፣ ቅጣት አለው» አለችና ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ሱረት ግን ደንቡ ላይ አላየሁም፤ ለአባባ ንገራቸው» አለች። እንዲህ ያለች ደግ ሴት ፊት መዋሸት ከመቼውም የበለጠ ያሳፍራል።

ደረጃው ራሱ ነው የሚወርደው። አጎቴ ጫፉ ላይ ቆሞ እግሩን እንደ ብርድ ውሃ ሞከረው፣ ከዚያ «መህሉሊ፣ አሁን ወደ መሬት ሆድ እየወረድን ነው፤ ደረጃው ይሄዳል፣ እኛ ቆመናል፣ የእነዚህ ሰዎች ነገር ነው፤ አትደንግጥ» እያለው ወረደ። ለባዶ እንጨት። ሽማግሌው ሁሉንም ይነግረዋል፤ ባቡሩ መጣ፣ ዓይኑ ሁለት ነው፣ ጢስ የለውም፣ በሩ በራሱ ይከፈታል፣ እንግባ፤ እኔ ሦስቱን ካርድ ጨብጬ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ሦስት ወንበር ያዝን። እሱ በመስኮቱ በኩል፣ መሃሉ ባዶ፣ እኔ በዳር። ባቡሩ ጢም አለ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት መጥታ ባዶውን ወንበር እያየች «እዚያ ልረፍ እስቲ» ስትል «ተይዟል እናቴ» አልኳት። «በማን? በአየር?» ቢጫ ማሊያ የለበሰው ጎረምሳ ከት ብሎ ሳቀ። «ተነስቼ የእኔን ልስጥሽ» ብዬ ተነሳሁ፤ እሷም ተቀምጣ «ታዲያ የማን ነው ይሄ?» አለች፣ «የወንድሜ ነው» አልኳት፣ ቀላል ቃል ናት፣ ከአፌ እንዴት ቀልላ እንደወጣች ለራሴ ገረመኝ፤ የወንድሜ ነው፣ ወንድሜ ነው፤ ያን ጊዜ ምላሴን ማን ያዘብኝ?

ያን ጊዜ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ መህሉሊ ከአገር ከመጣ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። አሌክሳንድራ ውስጥ ስሜ ቴምባ ነበር፣ ሥራ ላይም ቴምባ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያው ኖሬያለሁ፤ ዜንዞ የሚል የቤት ስሜን መንገድ ላይ እንዳትጠራኝ ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ፤ ሰላምታም አስተምሬዋለሁ፣ ማታ ማታ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን። የእኛ ቋንቋና የዙሉዎቹ ቋንቋ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ሁሉን እንግባባለን፣ ግን እኛ አክብረን «ሳሊቦናኒ» ስንል እነሱ «ሳኒቦናኒ» ይላሉ። ሊ እና ኒ። አንዲት ፊደል ናት። «ኒ በል» እለዋለሁ፣ «ሳ-ኒ»። «ጋሼ፣ እማዬ ብትሰማኝ አፌን በሳሙና ታጥበኛለች» ብሎ ይስቃል። «እማዬ እዚህ የለችም፣ ዱላ የያዙት ናቸው ያሉት» እለዋለሁ። ያን ሰሞን የውጭ ሰው ይውጣ ተብሎ ቤት ይቃጠላል፣ ሰው ይደበደባል፤ ሊመሻሽ ሲል ዕቃችንን ትተን ወደ ፖሊስ ጣቢያው እንሂድ አልን፤ «አብረን አንታይ፣ እኔ ልቅደም፣ አንተ ሃያ እርምጃ ቆይተህ ተከተለኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። የመንገዱ አፍ ላይ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ ዱላ የያዙ ሰዎች አላፊውን ያቆማሉ፤ ክርናቸውን እያሳዩ በዙሉ ይሄ ምን ይባላል ይላሉ፤ መለስኩ፣ አለፍኩ። መህሉሊ ደረሰ። እሱም መለሰ፣ በትክክል መለሰ፣ ሂድ አሉት፣ አልፎ ነበር እኮ! አልፎ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከጎን ቤት ብቅ አሉ፤ ከሰዎቹ ጋር ይሁኑ አይሁኑ እንጃ፣ ሽማግሌ ናቸው፤ የእናቴ ልጅ ደግሞ ሽማግሌ ሳይሳለም አያልፍም፤ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፣ «ሳሊቦናኒ ባባ» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያሳለፉት ሰዎች ተመልሰው ከበቡት። «ምን አልክ አንተ? ድገማት እስቲ።» አንደኛው ዞሮ ጠራኝ። «አንተ፣ ይሄን ታውቀዋለህ?» አላውቀውም አልኩ። እዚያ ላይ ባበቃ። ፍርሃት ነው ይባል ነበር። እኔ ግን ጨመርኩበት፣ ሳቅሁና «ሳኒቦናኒ ነው የሚባለው፤ ይሄ ከየት እንደመጣ እንጃ» አልኩ። አረምኩት። እንደ ምንጣፉ ላይ አረምኩት። መህሉሊ አየኝ፣ ስሜን አልጠራም፣ ወንድሜ ነው አላለም፤ አየኝና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። እኔም መንገዴን ቀጠልኩ። እንዳልጠረጠር አልሮጥኩም እንኳ። በሦስተኛው ቀን ቧንቧው አጠገብ አንድ ልጅ መሞቱን ፖሊስ ጣቢያው ግቢ በተጠለልንበት ድንኳን ውስጥ ሰማሁ፣ አስከሬኑን ልይ ብዬ አልሄድኩም፣ የት እንደተቀበረም አላውቅም፣ ሰፈሩንም ዳግም አልረገጥኩትም።

ብርሃን ገባ። ድንገት ነው የገባው፣ ባቡሩ ከጉድጓዱ ወጣ፣ ሰው ሁሉ «ኦ!» አለ፣ ቩቩዜላው ተነፋ፤ እኔ ብቻ ቀዘቀዝኩ፤ ከመሬት በታች ነው አላሉኝም እንዴ? የቀኝ መስኮቱ ላይ የአሌክሳንድራ የቆርቆሮ ጣራ ተዘርግቷል፣ ጣራ በጣራ ላይ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ጢስ፤ እጅ ቢዘረጉ በሚነካ ቅርበት። ድምፅ ማጉያው «ማርልቦሮ» አለ። ማርልቦሮ ጣቢያው የሰፈሩ ጫፍ ነው። ቧንቧው ከዚያ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? አሥር? አሥራ ሁለት? ባቡሩ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ባባ እዚህ እንውረድ ማለት ነው፣ ሦስት ቃል ነው፣ ንገረው፣ አሁን ንገረው። አፌን ከፈትኩ። ስልኬ ጮኸ።

«ዜንዞ፣ ተሳፈራችሁ?» እናቴ ናት። ነፋሱ ይሰማል፣ ኩይሳው ላይ ናት። «ተሳፍረናል እማ።» «እሱስ?» «እሱም።» «ወንበር አገኘ?» «አገኘ።» «ምን ዓይነት ወንበር ነው?» «ሰማያዊ ነው እማ፣ ለስላሳ።» «ተመስገን። እስቲ ስልኩን ለእሱ አስጠጋልኝ።» እጄ ስልኩን ይዞ ወደ ቅርንጫፉ ሄደ። ምን ላድርግ? አጎቴ ጨርቁን ገለጥ አደረገልኝ። እናቴ በስልኩ ውስጥ ትናገራለች፣ በባቡሩ ጫጫታ መሃል ቀጭን ሆኖ ይሰማል፤ «መህሉሊዬ፣ በግህ ወልዳለች፤ ሁለት ነው የወለደችው። አልጋህ ላይ ማንም አልተኛም። ያልከኝን ሰላምታ ዜንዞ ነግሮኛል፣ በየቀኑ እሱን እያሰብኩ ነው የምተኛው። አሁን ና፣ በሩን ክፍት አድርጌዋለሁ፣ ውሻውንም አስሬዋለሁ።» ልጅ ያዘለችው ሴት ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች፣ ያ ይስቅ የነበረው ጎረምሳ ቩቩዜላውን ጉያው ውስጥ ደብቋል። በሩ ተከፍቶ ነበር። ተዘጋ። ባቡሩ ተነሳ። ጣራዎቹ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ቧንቧው ወደ ኋላ ሄደ፣ ወንድሜ ወደ ኋላ ቀረ፣ እኔ ስልኩን እሾህ ላይ ደግፌ እንደቆምኩ። እናቴ «ሰማኝ?» አለች። «ሰማሽ» አልኳት። በሕይወቴ የዋሸሁት ውሸት ሁሉ ተደምሮ ያቺን አንዲት ቃል አያክልም።

አየር ማረፊያው ጣቢያ ሰው ሁሉ ወረደ። እንግዶች ሻንጣ እየጎተቱ፣ መስታወት፣ ብርሃን፣ መሬቱ ፊትን የሚያሳይ። አጎቴ «መህሉሊ፣ ከባቡሩ ወረድን፤ ከዚህ በኋላ ሰማይ ነው፣ እጭኔ ላይ ትቀመጣለህ፣ አጥብቀህ ያዘኝ» እያለ ወደ መውጫው ሄደ፤ እኔም ሦስቱን ካርድ ይዤ ተከተልኩ፤ መዝጊያው ጋ ስደርስ ካርዱን ሳላስነካ ቆምኩ። አጎቴ ዞሮ በዓይኑ ምነው አለኝ። አውሮፕላኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፣ ገና አምስት ሰዓት አልሞላም፤ ዝም ብል ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው ዝም የምለው፣ ከዚያ እሱ ይሄዳል፣ ይጨርሱታል፣ በሬ ይታረዳል፣ ቅርንጫፉ መህሉሊ ሳይኖርበት ግቢያችን ውስጥ ይተከላል፣ እናቴ እዚያ እሾህ ሥር እየተቀመጠች ታወራዋለች። እየተቀመጠች ታወራዋለች፣ እድሜዋን ሙሉ። እዚያው የሚያብረቀርቀው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ የጥበቃ ዩኒፎርም የለበስኩ ሰውዬ፤ «ባባ፣ የለም» አልኩት። «እዚያ ላይ የለም። ሆስፒታል አልሞተም። አሌክሳንድራ ነው የሞተው፣ ሰዎች ናቸው የገደሉት፣ ስለ አንዲት ፊደል፤ ታውቀዋለህ ወይ ሲሉኝ አላውቀውም አልኩ፣ ሳቅሁበትም ባባ፣ ሳቅሁበት፣ ጥዬው ሄድኩ፤ የመጨረሻ ቃሉንም አልሰማሁ፣ ፈጥሬ ነው።» ሁሉን ነገርኩት፣ እየተንተባተብኩ፣ ንፍጤን በእጅጌዬ እየጠረግሁ። ሰው በላያችን እየተራመደ ያልፋል።

አጎቴ አልመለሰልኝም። ቅርንጫፍ ይዟል፣ አይመልስም፤ መልስ እንደማይሰጠኝ አውቄም ይሆናል የተናገርኩት፣ ያን ያህል ፈሪ ነኝ። ጨርቁን ገልጦ እንጨቱን አየው። ከዚያ በፊቴ፣ ሰው ባለበት፣ ዓይን ዓይኔን እያየ አናገረኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ነው እንጨት የተሸከምኩት?» አለኝ። ያኔ ነው ያመነኝ መሆኑን ያወቅሁት፤ ሕያው ሰው አናገረ፣ ቅርንጫፉ ባዶ ነው ማለት ነው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «አዎ ባባ።» «እናቱም ያን ሁሉ የተናገረችው ለእንጨት ነው?» «ለእንጨት ነው።» ጨርቁን መልሶ ጠቀለለው። «እኔ ደግሞ ነፋሱን መጣ አልኩ፤ ሽማግሌ ሆኜ፣ የአገር ሰው አምኖ ልኮኝ፣ ነፋስ ሰላም ብዬ መጣሁ!» አለ፤ በራሱም ማፈሩን ሳይ ያንን ያመጣሁት እኔ መሆኔ አንገበገበኝ። «ተነስ» አለኝ። «አውሮፕላኑስ ባባ?» «አውሮፕላኑ መንገዱን ያውቃል፣ ይሂድ። ሁለት ዓመት ብርድ ላይ የቆመ ልጅ እያለ አንተ የአውሮፕላን ሰዓት ትቆጥራለህ? ተነስ አልኩህ፣ ወንድ መስለህ ቁም።»

ተመለስን። በዚያው ባቡር፣ በሌላ ወንበር፣ ሁለት ሆነን፤ በመስኮት ያው ሜዳ፣ ያው መንገድ፣ አጎቴ መንገዱን ለማንም አይናገርም፣ እኔን ነው የሚጠይቀኝ፣ እያንዳንዱን፣ በዝርዝር፤ ማን ምን አለ፣ እሱ የት ጋ ቆመ፣ አንተ የት ጋ፣ ኮፍያውን በየትኛው እጁ አወለቀ፤ የማላስታውሰውን አላስታውስም እላለሁ፣ አልጨምርም፣ ከዛሬ በኋላ አልጨምርም። ማርልቦሮ ወረድን። በእግር ሄድን። መንገዱ አልተለወጠም፣ ቧንቧውም አለ፣ የቆሸሸ ውሃ ከሥሩ አቁሯል፣ ዶሮ ይጭርበታል፤ ሁለት ዓመት በሐሳቤ ሳየው የኖርኩት ቦታ ይህን ያህል ትንሽ ነው እንዴ? «እዚህ ጋ ነው» አልኩ። አጎቴ ቅርንጫፉን ዘረጋልኝ። «እኔ ለምን እጠራዋለሁ? እኔ አልካድኩትም። አንተ ነህ የምትጠራው፣ ያልከውን ብለህ ነው የምትጠራው።» ጫማዬን አወለቅሁ፣ ተንበረከክሁ፣ እሾሁ መዳፌ ውስጥ ገባ፣ «መህሉሊ» አልኩ፣ ለራሴም አልተሰማኝ። «እሱን ድመትም አይሰማው» አለ አጎቴ። ሰዎች ከየበሩ እያዩ ነው፤ በዚህ ሰፈር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቋንቋዬን ደብቄ ኖሬያለሁ። «መህሉሊ! የኒያቲ ዘር! የእናቴ ልጅ! አላውቀውም ያልኩት እኔ ነኝ፣ የሳቅሁብህ እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ነህ፣ ና ቤት እንሂድ!» እየጮህኩ ነው፣ በገዛ ቋንቋዬ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።

ከቧንቧው ማዶ ካለው የቆርቆሮ ቤት አንዲት ሴት የልብስ ገበቴ እንደያዘች ወጣች። ቅርንጫፉን አየች፣ አጎቴን በአክብሮት እጅ ነሳች፣ ወደ እኔ ቀረበች። «ያን ልጅ ነው የምትጠሩት? እዚህ ጋ የወደቀውን?» «አዎ እናቴ።» «ስሙን ተሳሳታችሁ። መህሉሊ አይደለም፣ ዜንዞ ነው።» አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «ማን ነገረሽ?» አልኳት። «ማን ይነግረኛል፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሰዎቹ እዚህ እያሉማ አንዲት ቃል አልወጣውም፣ ዝም ብሎ ነው የተመታው። ሄደው መንገዱ ጭር ካለ በኋላ ነው ዜንዞ፣ ዜንዞ ማለት የጀመረው፤ እስኪነጋ ነው ያለው። በር ከፍተን ልንወጣ ፈራን፣ አልዋሽህም፣ እስከዛሬ ያሳፍረኛል። ጠዋት የማዘጋጃ ቤት መኪና ሲመጣ ስሙን ጠየቁ፤ ስሙን ሲናገር አድሯል፣ ዜንዞ ነው አልናቸው። ጽፈው ወሰዱት። በዚያ ስም ነው የተቀበረው።»

ቅርንጫፉ እጄ ውስጥ አለ። አሁንም መንገድ አለኝ፤ አሁንም አላውቅም፣ ዜንዞ የሚባል አላውቅም ብዬ ብነሳ ማን ይከለክለኛል፣ ቴምባ ነኝ ብል ይቺ ሴት በምን ታውቃለች። አጎቴ ይጠብቃል።

«ዜንዞ እኔ ነኝ» አልኳት።

ገበቴውን መሬት አስቀመጠች። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፣ ዩኒፎርሜን፣ ባዶ እግሬን፣ የሚደማውን መዳፌን፤ ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ ቁጣ አልነበራትም።

«ታዲያ ምነው ቆየህ?» አለችኝ።